ቤተሰቡ ለዕረፍት ሲሄድ ድመቱ ከማን ጋር ይቆይ?

«የሦስት ዓመት ወንድ ድመት አለን፤ የተኮላሸ ነው፤ ከቤት አይወጣም፤ የሚበላውም ደረቅ ምግብ ብቻ ነው። በዚህ የበጋ ዕረፍት ለ16 ቀናት ዘመዶቻችን ዘንድ እንሄዳለን፤ መንገዱ በመኪና 9 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባለቤቴ ድመት ራሱን የቻለ እንስሳ ስለሆነ በቂ ምግብና ውኃ ካስቀመጥንለት አይቸገርም፤ ጎረቤታችንም በየሦስት ቀኑ ብቅ እያሉ ይጨምሩለታል ይላል። የ11 ዓመት ልጄ ግን ‹ያለ እኛ አይሆንለትም፤ ይዘነው እንሂድ› እያለች ታለቅሳለች። ባለፈው ዓመት ለአራት ቀናት ብቻውን ትተነው ሄደን ስንመለስ አልጋችን ላይ ሸንቶ ጠበቀን፤ ቂም ይዞብን ይመስለኛል። ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ምን ይሻለናል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ገና ሦስት ሳምንት ሲቀርዎት በመጻፍዎ ደስ ብሎኛል፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ነውና። ውሳኔውን አስቀድሜ ልንገርዎትና ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። ድመትዎ ቤቱ ይቆይ። ጎረቤትዎ ግን በየሦስት ቀኑ ሳይሆን በየቀኑ፣ የሚመቻቸው ከሆነም ጠዋትና ማታ ሊመጡ ይገባል፤ ሲመጡም ሳህኑን ሞልተው ብቻ ሳይሆን ድመቱን በዓይናቸው አይተው መመለስ አለባቸው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ከመጨረሻው ነጥብ የሚነሣ ነው።

ከአልጋው ልጀምር፤ ምክንያቱም የዘንድሮው ዝግጅትዎ ባለፈው ዓመት የሆነውን በትክክል ከመረዳት ይጀምራል። ድመት ቂም አይዝም። ለአራት ቀናት የሚጸዳዳበትን የአሸዋ ሳጥን ያጸዳለት ሰው አልነበረም። ድመት ንጹሕ አፈር ፈልጎ፣ ቆፍሮና ቀብሮ የሚሄድ ፍጥረት ስለሆነ ሳጥኑ ሲቆሽሽበት ለስላሳና ንጹሕ የሆነ ሌላ ቦታ ይመርጣል፤ በቤት ውስጥ ደግሞ ከአልጋ የሚለሰልስ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። በዚያ ላይ የእናንተ ጠረን ከየትኛውም ክፍል ይልቅ አልጋው ላይ ይበረታል፤ የተጨነቀ ድመት ደግሞ የራሱን ጠረን ከሚያውቀው ጠረን ጋር ሲያደባልቅ ይረጋጋል ይባላል። እርስዎ እንደ ቅጣት ያዩት ድርጊት ለእርሱ መጽናኛ ሳይሆን አይቀርም፤ ስለዚህ ልጅዎም ብትሆን ድመቱ እንደተቀየማት እያሰበች እንዳታዝን ይህንን ይንገሯት።

ይሁን እንጂ ሦስተኛ ምክንያት ሊኖር ይችላል፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝም እርሱ ነው። ድመት ሲጨነቅ የሽንት ፊኛው ያለ ምንም ተሕዋስ ሊቆጣ ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሽንቱ እያቃጠለው ከሳጥኑ ውጭ መሽናት ይጀምራል። በሴት ድመት ይህ ሕመም የሚያሠቃይ ቢሆንም ለሕይወት የሚያሰጋበት ጊዜ ጥቂት ነው። በወንድ ድመት ግን ሽንት የሚወጣበት ቧንቧ እጅግ ጠባብ ስለሆነ በዝቃጭ ወይም በጥቃቅን ጠጠር ሊደፈን ይችላል። ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ሲደፈን ኩላሊት ሥራውን ያቋርጣል፤ ከሰውነት መውጣት የነበረበት ፖታስየም የተባለ ማዕድን በደም ውስጥ ተከማችቶ የልብ ምትን ያዛባል፤ ያልታከመ ድመትም በሁለት ወይም በሦስት ቀናት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለዚህ ሕመም ይበልጥ ተጋላጭ የሚባሉት ደግሞ የተኮላሹ፣ ከቤት የማይወጡና ደረቅ ምግብ ብቻ የሚበሉ ወንድ ድመቶች ናቸው፤ ይህ ከእርስዎ ደብዳቤ የተቀዳ ይመስላል። ላስጨንቅዎ ብዬ አይደለም ይህን ያነሣሁት። «በየሦስት ቀኑ ብቅ ይላሉ» የሚለው ዕቅድ የማያዋጣበትን ምክንያት ከዚህ በላይ ግልጽ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ስለሌለኝ ነው። ሰኞ ማታ የታመመውን ድመት ሐሙስ ጠዋት የሚያየው ሰው ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው፣ ከተቻለም በዚህ ሳምንት፣ ድመቱን ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱትና ባለፈው ዓመት የሆነውን ይንገሯቸው፤ ሽንቱም ይመርመር። ለጎረቤትዎ ደግሞ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ያስረዷቸው፦ ወደ ሳጥኑ ደጋግሞ መመላለስ፣ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ማማጥ፣ እያማጠ መጮኽ፣ ብልቱን ያለ ማቋረጥ መላስ፣ ጥቂት ጠብታ ብቻ መሽናት ወይም ጨርሶ አለመሽናት። አንዳንድ ሰው ይህንን ሲያይ የሆድ ድርቀት ነው ብሎ እስኪነጋ ይጠብቃል። መጠበቅ አያስፈልግም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ባለቤትዎ የተናገሩት ከፊሉ እውነት መሆኑን መካድ አልፈልግም። ድመት ከውሻ ይልቅ ብቸኝነትን ይችላል፤ ከ24ቱ ሰዓት ከ12 እስከ 16 የሚሆነውን ተኝቶ ያሳልፋል፤ በልኩ የሚበላ ከሆነ የተቀመጠለትን ምግብ በአንድ ጊዜ አይጨርስም። ችግሩ ያለው ክምር ምግብ በሚደብቀው ነገር ላይ ነው። ሳህኑ ሞልቶ ሲቀመጥ ድመቱ ዛሬ ምን ያህል እንደበላ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ድመት ደግሞ መብላት ሲያቆም ሰውነቱ ያከማቸውን ስብ በብዛት ወደ ጉበት ይልካል፤ ጉበቱም ያን ሁሉ ስብ መሸከም ስለማይችል በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊታመም ይችላል። ወፈር ያሉ ድመቶች ላይ አደጋው ይከፋል። ስለዚህ ምግቡ በየቀኑ ተለክቶ ይቅረብ፤ በማግሥቱ የተረፈው ይታይ፤ አንድ ሙሉ ቀን ምንም ካልበላ ስልክ ይደወልልዎ፤ ሁለተኛው ቀን ከመሙላቱ በፊት ደግሞ ሐኪም ይየው።

በዚህ ነገር እኔም የደረሰብኝ አለ። ከዓመታት በፊት ለስድስት ቀናት ስሄድ ድመቴን ለአንዲት የማምናት ሰው አደራ ሰጥቼ ነበር። በየቀኑ ትመጣ ነበር፤ ቃሏን አላጠፈችም። ሆኖም በሦስተኛው ቀን ምግቡ ሳይነካ ስታገኘው «ተደብቆ ይሆናል» ብላ አዲስ ምግብ ቀይራ ሄደች፤ በአራተኛውም ቀን እንዲሁ። ድመቴ ያን ጊዜ ሁሉ የዕቃ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን መጥረጊያ ልታወጣ በሩን ስትከፍት ሳታየው ገብቶ ኖሯል። በአምስተኛው ቀን ድምፁን ሰምታ ስታወጣው ያለ ውኃ ሦስት ቀን ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ተረፈልኝ፤ ለብዙ ሳምንታት ግን ታክሟል። ጥፋቱን በእርሷ ላይ አላደረግሁም፤ «ምግብ ስጪው» አልኋት እንጂ «ሳታይው አትሂጂ» አላልኋትም። ስለዚህ ለጎረቤትዎ የሚሰጡት የመጀመሪያው መመሪያ ይህ ይሁን፦ ድመቱን ሳያዩ ቤቱን አይቆልፉ። ለዚህም እንዲረዳቸው ልጅዎ ድመቱ የሚደበቅባቸውን ቦታዎች ሁሉ፣ ከአልጋ ሥር እስከ ልብስ ቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ዘርዝራ ትጻፍላቸው፤ ከእርሷ የተሻለ የሚያውቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

የበጋ ዕረፍት ከሌላው ጊዜ የሚለይበት ዋናው ነገር ሙቀቱ ነው። የጤነኛ ድመት የሰውነት ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። ድመት እንደ ሰው መላ ሰውነቱ አያልበውም፤ የሚያልበው በእግሩ መርገጫ ብቻ ስለሆነ የሚቀዘቅዘው በአብዛኛው ፀጉሩን እየላሰ ምራቁ ሲተንለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ውኃ ያስፈልገዋል። ሁሉም መስኮት ተዘግቶ ፀሐይ የሚያርፍበት ቤት ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አንድ ቀን ራስዎ ገብተው ይሞክሩት። ፀሐይ በሚገባበት በኩል መጋረጃው ተዘግቶ ይዋል፤ ወለሉ ቀዝቃዛ የሆነው የመታጠቢያ ክፍል ክፍት ይሁንለት፤ የየክፍሉ በሮችም ነፋስ ገፍቶ እንዳይዘጋቸው በከባድ ነገር ተደግፈው ይቀመጡ። ውሻ ማለክለኩ የተለመደ ነው፤ ድመት ግን ሳይሯሯጥ አፉን ከፍቶ ካለከለከ፣ ምራቁ ከተዝረከረከ፣ ወይም ሲራመድ ከተንገዳገደ ሙቀት ጎድቶታል ማለት ነው። ያን ጊዜ ፀጉሩን በረዶ ባልሆነ ቀዝቃዛ ውኃ እያረጠቡ፣ ነፋስ እንዲያገኘው እያደረጉ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

ውኃን በተመለከተ ድመት ከምግቡም ከመጠጡም ተደምሮ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን 50 ሚሊ ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ አራት ኪሎ የሚመዝን ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። የታሸገ እርጥብ ምግብ ከሦስት አራተኛ በላይ ውኃ ሲሆን በደረቁ ውስጥ ያለው ግን ከመቶ 10 ያህል ብቻ ነው፤ ደረቅ ምግብ ብቻ የሚበላ ድመትም ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ጠጥቶ አይሞላም። ሐኪሙ ካልከለከሉ ከአሁኑ በጥቂት በጥቂቱ እርጥብ ምግብ ያስለምዱት፤ ለሽንት ቧንቧውም የሚበጀው ይኸው ነው። ነገር ግን ለውጡ እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ተጠናቆ መታየት አለበት እንጂ በማትኖሩበት ጊዜ የሚጀመር ሙከራ መሆን የለበትም። እርጥብ ምግብ በሙቀት ቶሎ ስለሚበላሽ ጎረቤትዎ ሲመጡ ቀርቦ ሲሄዱ ይነሣ፤ ውኃው ግን በሁለት ወይም በሦስት ሰፋፊ ሳህኖች፣ ከምግቡም ከአሸዋ ሳጥኑም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የአሸዋ ሳጥኑም ከአንድ ወደ ሁለት ቢያድግ ባለፈው ዓመት የሆነው የመደገም ዕድሉ ይቀንሳል፤ በየቀኑ መጽዳቱ ግን ሳይለወጥ።

መስኮት ለብቻው መነሣት ያለበት ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ አደጋው የሚመጣው ከጎረቤትዎ ቅንነት ነው። ቤቱ ታፍኖ ሲያገኙት ለድመቱ አዝነው መስኮት ይከፍታሉ፤ ሲወጡም ሊረሱት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአንድ የእንስሳት ሕክምና መጽሔት የታተመ ጥናት በኒው ዮርክ ከፎቅ የወደቁ 132 ድመቶችን ተመልክቶ ነበር፤ ከታከሙት መካከል 90 በመቶ ያህሉ ቢተርፉም በደረታቸውና በሳንባቸው ላይ ጉዳት የደረሰባቸው፣ መንጋጋቸውና እግራቸው የተሰበረ ብዙ ነበሩ። «ድመት ሁልጊዜ በእግሩ ያርፋል» የሚለው አባባል ከዚህ ጉዳት አያድነውም። ከላይ ብቻ ዘንበል ብሎ የሚከፈት መስኮትም አደገኛ ነው፤ ድመት በክፍተቱ ሊወጣ ሲሞክር ተንሸራትቶ ወደ ጠባቡ ጎን ይሰነቀርና ሰውነቱ ይጨመቃል። ጠንካራ መረብ ያልተገጠመለት መስኮት ለ16ቱም ቀናት ይዘጋ።

ሌሎቹን አደጋዎች በአጭሩ ልለፋቸው። የሊሊ ዝርያ አበባ ቅጠሉ፣ የአበባው ብናኝ፣ የአበባ ማስቀመጫው ውኃ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት ስለሚያጠፋ ጎረቤትዎ ለመመለሻችሁ ብለው እንኳ ወደ ቤት እንዳያስገቡ ይንገሯቸው። ለሰው የሚሰጥ ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል። ፐርሜትሪን የተባለ ኬሚካል ያለበት የውሻ ቁንጫ ማጥፊያም እንዲሁ ነው።

ጎረቤትዎ ከድመቱ ጋር እንግዳ ከሆኑ በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይጋብዟቸው፤ በመጨረሻው ጊዜ እርስዎ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ሥራውን ሁሉ እርሳቸው እንዲሠሩት ያድርጉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት ሰው ድመትን እያየ ዓይኑን ቀስ ብሎ ሲያጠብና ሲጨፍን ድመቱም በዚያው መልክ እንደሚመልስና የማያውቀውን ሰው እንኳ ለመቅረብ እንደሚደፍር ታይቷል። ልጅዎ ይህንን ለጎረቤትዎ ታስተምራቸው። በእያንዳንዱ ጉብኝት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቁጭ ቢሉ፣ ድመቱ ባይቀርባቸውም እንኳ፣ ቤቱ ባዶ እንዳልሆነ ይሰማዋል።

በወረቀት የሚጻፈው ነገር ብዙ መሆን የለበትም፦ የሐኪሙ ስልክ፣ ሌሊት የሚሠራ የሕክምና ቦታ ስልክ፣ እናንተን በስልክ ማግኘት ካልተቻለ ውሳኔ የሚሰጥ የአንድ ዘመድ ስልክ፣ የምግቡ ልክ፣ እንዲሁም ለሕክምና እስከ ምን ያህል ማውጣት እንደተፈቀደላቸው። ይህ የመጨረሻው ተጽፎ ካልተቀመጠ ቅን ሰው «ሳይፈቅዱልኝ እንዴት ብዬ» እያለ ውድ ሰዓታት ያባክናል፤ ስለዚህ ገንዘቡንም አብረው ይተዉላቸው፤ ለሐኪሙም አስቀድመው ያሳውቁ። ከዚያ በየቀኑ አንድ ፎቶግራፍና ሦስት ቃል ይበቃዎታል፤ በላ፣ ሸና፣ አየሁት። አሸዋው የሚጋገር ዓይነት ከሆነ ሽንቱን መቁጠር ቀላል ነው፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ከሁለት እስከ አራት የተጋገረ ጓል ይገኛል። ካሜራና በሰዓቱ ምግብ የሚያወርድ መሣሪያ ካለዎት ይጠቀሙባቸው፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ምግቡ መሣሪያው ውስጥ ሲሰነቀር ድመቱ እንዳይራብ ግን ሰውን የሚተኩ አድርገው አይቁጠሯቸው።

የልጅዎ እንባ ግን ከልብ የሚደመጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ድመቶች ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ያላቸውን ትስስር ሲፈትሹ 65 በመቶ ያህሉ አሳዳጊያቸው ሲመለስ የሚረጋጉና በእርሱ የሚተማመኑ ሆነው አግኝተዋቸዋል፤ ስለዚህ «ይወደኛል፤ ይናፍቀኛል» ማለቷ ልክ ነው። ሆኖም ድመት ሰውን ቢወድም ደኅንነት የሚሰማው ጉንጩን እያሸ ጠረኑን ባሳረፈበት ቦታ ነው። ዘጠኝ ሰዓት በሞቀ መኪና፣ ከዚያም የማያውቀው ቤት፣ በሩን እየከፈቱ የሚገቡና የሚወጡ እንግዶች፣ ለዚያ ሁሉ መጽናኛ የሚሆነው የእርሷ እቅፍ ብቻ መሆኑን ያስረዷት። ደንግጦ ከማያውቀው ቤት ያመለጠ ድመት ወደየት እንደሚመለስ አያውቅም። መኪናውም ራሱ አደጋ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት 22 ዲግሪ ያህል እንደሚጨምር፣ ከዚህም 80 በመቶው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች እንደሚሆን፣ መስኮቱን ገርበብ ማድረግም እምብዛም እንደማይረዳ አሳይቷል። በዘጠኝ ሰዓት መንገድ ላይ ደግሞ ማንም ሰው ሳይቆም አይደርስም።

ጎረቤትዎ በየቀኑ መምጣት እንደማይችሉ ከነገሩዎት አይጫኗቸው፤ ሥራውን ከሌላ ሰው ጋር እንዲካፈሉት ያድርጉ። ያም ካልተገኘ የድመት ማቆያ ቤት ሦስተኛው አማራጭ ነው፤ ሄደው በዓይንዎ ይዩት፣ ከውሾች የተለየ ክፍል እንዳለው ያረጋግጡ፣ የሚጠይቁትንም ክትባት ሐኪም ቤት በሚሄዱበት ቀን ያስጨርሱ፤ ክትባት በመሄጃ ዋዜማ ቢሰጥ ፋይዳው ገና አልደረሰም። የትኛውንም ቢመርጡ ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ ትንሽ መለያ) ከሌለው ያስገቡለት፤ ካለውም የተመዘገበው ስልክ አሁን የሚጠቀሙበት መሆኑን ያረጋግጡ።

ስትመለሱ ድመቱ ሮጦ ላይቀበላችሁ ይችላል፤ ልጅዎ ይህን አስቀድማ ትወቅ። ወለሉ ላይ ቁጭ ትበል፤ ዓይኗን ቀስ ብላ ትጨፍንለት፤ እርሱ ሲፈልግ ይምጣ። እርስዎ ግን በዚያች ማታ ሻንጣውን ከመፍታትዎ በፊት የአሸዋ ሳጥኑን ይመልከቱ፤ ግርግሩ ራሱ ስለሚያስጨንቀው ለሁለትና ለሦስት ቀናት ሽንቱን ይከታተሉ።

ዛሬ ማታ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር አለ። የመጓጓዣ ሳጥኑን ከተቀመጠበት ያውርዱት፤ በሩን ከፍተው፣ እርስዎ የለበሱትን አሮጌ ሹራብ አንጥፈው፣ ድመቱ በሚውልበት ክፍል ጥግ ያኑሩት፤ አልፎ አልፎም የሚወደውን ምግብ ውስጡ ያድርጉለት። ጎረቤትዎ በአንድ ሌሊት ድንገት ቢያስፈልጋቸው ድመቱ ለሦስት ሳምንታት የተኛበት ሳጥን ስለሚሆን ሊያስገቡት አይታገሉም።